አዲስ አበባ እሳቷን በምን ስትቆጥር ኖረች?

(በሬዲዮ ከተሰጡ ንግግሮች)



ብዙዎቻችሁ ማታ ከመሥሪያ ቤት ተመልሳችሁ በራችሁን ስትከፍቱ፥ ከሁሉ አስቀድሞ እጃችሁ የሚሄደው ወደ መብራቱ ማብሪያ ነው። መብራቱ ከበራ ነገሩን ወዲያው ትረሱታላችሁ፤ ካልበራ ግን በዚያች ቅጽበት ስለ ግድቡ፥ ስለ ሽቦው፥ ስለ ትራንስፎርመሩና ስለ ሠራተኛው የማትናገሩት ነገር አይኖርም። እኔም እንደ እናንተው ነኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ግን መብራቱ በርቶ ሳለ ሊታሰብ የሚገባውን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ዋና ከተማችን ከተቆረቆረችበት ዘመን ጀምሮ ምን ስታነድ እንደ ኖረች፥ የምታነደውንም በምን ስትለካ እንደ ቆየች ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። የቀደሙት ነገሥታት መናገሻቸውን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውሩበት ምክንያት ልዩ ልዩ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አንዱ ዘመቻ ነው፥ ሌላው የስንቅ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን የእንጨት ማለቅ ነው። ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ በአንድ ኮረብታ ላይ ሰፍረው ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ፥ በዙሪያው ያለው ዛፍ ለቤት መሥሪያም ለማገዶም እየተቆረጠ ያልቅና እንጨት ለቃሚው ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚመለስ ይሆናል። ያን ጊዜ ድንኳን ይነቀላል። በዚያ ዘመን የከተማውን የማገዶ ወጪ የሚመዘግብ ጸሐፊ አልነበረም፤ ጫካው ራሱ መዝገብ ነበረ፤ የሚነበበውም በእግር መንገዱ ርዝመት ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ የዳነችው ለጥቂት ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርዳም ኮረብታ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቡ በፍጥነት በዛ። ከዐድዋ ድል ወዲህ ደግሞ የየአገሩ መልእክተኛ፥ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው እየጎረፈ ገባ። እያንዳንዱ ቤት እንጀራ ይጋግራል፥ ጠላና ጠጅ ይጠምቃል፥ በክረምትም እሳት ይሞቃል። የእንጦጦ ጥድና ወይራ ይህን ሁሉ ሊችል አልቻለም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው በስተ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፥ እንጨት በማይጎድልበት አገር፥ አዲስ ዓለም የተባለ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። እዚያ የተጀመረው ሕንፃ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ እንጂ መናገሻነቱ አልጸናም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ብላችሁ ብትጠይቁ፥ መልሱ ዛሬም ወደ ሰሜን ቀና ስትሉ ይታያል፤ ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ተወላጅ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን፥ ያስገባውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ የፈረንሣይ ሰው መሆኑን ብዙ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ዛፉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቤት ማገር ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል እንጂ አይሞትም፤ ቅጠሉንም ከብት አይበላውም። መንግሥት ችግኙ በርካሽ እንዲገኝና የተተከለበትም መሬት የግብር ምሕረት እንዲያገኝ ስላደረገ፥ መኳንንቱም ባለ ርስቱም እየተሽቀዳደመ ተከለ። የውጭ አገር ጐብኚዎች አዲስ አበባን የባሕር ዛፍ ከተማ እያሉ እስከ መጥራት ደረሱ። ወዲያው ደግሞ ክስ ተነሣበት፤ ምንጭ ያደርቃል፥ መሬት ይመጣል፥ በሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በሙሉ ሳይፈጸም ቀረ። ክሱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ዳሩ ግን ትእዛዙ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ እንደ ቀድሞዎቹ መናገሻዎች ድንኳኗን ትነቅል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በእኔ አስተያየት የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ የቤተ መንግሥቱ ሞተር ሳይሆን ይኸው ዛፍ ነው። ዛሬ በየስብሰባው «ታዳሽ ኃይል» የሚባለው ነገር ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ኃይል ማለት ከሆነ፥ ባሕር ዛፍ ስሙ ሳይወጣለት ያንን ሥራ ሲሠራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይሁን እንጂ ዛፉ ከተራራው በራሱ እግር አይወርድም። ፍልጡን አህያ ያወርደዋል፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ግን በአብዛኛው ሴቶች በጀርባቸው ያወርዱታል። ደኑ የባለ ርስቶች በነበረበት ጊዜ ለጠባቂው እጅ መንሻ እየሰጡ ያልፉ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በወጡት የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች መሬቱ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ደግሞ ጠባቂው ተለወጠ እንጂ ሸክሙ አልተለወጠም። በከተማው ዙሪያ በውጭ ብድርና ርዳታ ሰፊ ደን ሲተከል፥ ከደኑ ቅጠል የምትጠርገው ሴት በሕጉ ፊት ሌባ ተባለች። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንለፍ። ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያበራውም የምኒልክን ቤተ መንግሥት ነበር። ቀጥሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ ለጥቂት ፋብሪካዎች የሚሆን አነስተኛ ማመንጫ ተሠራ፤ ብርሃኑም ከቤተ መንግሥቱ አጥር ወጥቶ በአቅራቢያው ወዳሉት መንገዶች ደረሰ። አባ ሳሙኤል የተባለው ግድብ የተሠራውም በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። አቅሙ ስድስት ሜጋዋት ተኩል ያህል ብቻ ነበር፤ የሆነ ሆኖ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ መብራት ማለት አባ ሳሙኤል ማለት ነበር። በኋላ ሐይቁ በደለል ተሞላና በ1960ዎቹ ዓመታት ሥራውን አቆመ፤ በቻይና ርዳታ ታድሶ እንደገና የተነሣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከአባ ሳሙኤል በላይ ያለው አገር ከተማዋ ራሷ መሆኗን ልብ በሉ፤ ግድቡን ከደፈኑት ነገሮች ከፊሉ የከተማዋ አፈርና ጉድፍ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወራሪው ኩባንያ ንብረት በጠላት ንብረት አስተዳደር ሥር ቆየ፤ ከዚያም የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚል ስም አወጣ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ይህንኑ ነው። ድርጅቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከሁለት ተከፍሎ አንዱ ኃይል የሚያመነጭ፥ ሌላው ለደንበኛ የሚያከፋፍል ሆነ። ስሙ ስንት ጊዜ ቢለወጥ አያቶቻችን ባወጡለት ስም ከመጠራት አልዳነም።

በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ። አዋሽን ገትቶ የያዘው ይህ ሥራ ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? አቅሙ 43 ሜጋዋት ያህል ነው። ግድቡ ለአዲስ አበባ መብራት፥ ለወንጂ ስኳርም ብርታት ሆነ፤ ውሃው በተኛበት መሬት ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ግን ቀያቸውን ለቀቁ። የአንድ ከተማ ብርሃን ምን ጊዜም ከሌላ ሰው ደጅ ተነሥቶ የሚመጣ ነው፤ ይህን በምርቃት ቀን የሚናገር የለም። ከቆቃ በታች ሁለት ተጨማሪ ማመንጫዎች ተሠሩ፤ ቀጥሎ በ1960ዎቹ አጋማሽ ፊንጫ፥ በ1980 ዓ.ም. ገደማ መልካ ዋከና፥ በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያው ግልገል ጊቤ እያለ ሄደ። ዝርዝሩን አላበዛባችሁም። ቁም ነገሩ፥ አውሮፓና አሜሪካ ከተሞቻቸውን በድንጋይ ከሰል ሲያበሩ በኖሩበት ዘመን የእኛ ከተማ በአብዛኛው በውሃ ስትበራ መኖሯ ነው። እነርሱ ዛሬ ከከሰል ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ ለመሻገር ይደክማሉ፤ የእኛ ሽግግር ግን ሌላ ነው፤ ከሽቦው ጀርባ ሳይሆን በየቤታችን ጓዳ ነው። ወደዚያ የምንደርሰው ግን በቆጣሪው በኩል ነው።

ኤሌክትሪክ ሲሸጥ ከባዱ ነገር መለካቱ ነበር። እንጨት በሸክም፥ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ ይሸጣል፤ የማይታየው ኃይል ግን በምን ይሰፈር? ቶማስ ኤዲሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 በኒው ዮርክ የመጀመሪያውን ማመንጫ ሲከፍት የተጠቀመበት ቆጣሪ፥ በፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ሰሌዳዎች ያሉበት ብርሌ ነበር፤ ሠራተኛው በየወሩ እየመጣ ሰሌዳዎቹን ይመዝናል፤ በክብደታቸው ለውጥ መጠን ሒሳብ ይጻፋል። ኦቶ ብላቲ የተባለው የሃንጋሪ መሐንዲስ በ1889 ያወጣው ቆጣሪ ግን በየቤታችን ግድግዳ ላይ ሲሽከረከር ያየነው የዚያ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አባት ነው። ልጆች ሳለን ሰሌዳው ሲሮጥ እያየን «ዛሬ እንጀራ ይጋገራል» ማለት እንችል ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ሰሌዳው ጠፍቶ በቁጥር የሚያበራ፥ አንዳንዱም በካርድ አስቀድሞ የሚሞላ ሆኗል። ቆጣሪ አንባቢው ደብተሩን ይዞ ከቤት ወደ ቤት የሚዞርበት ዘመንም እያለፈ ነው። በነገራችን ላይ፥ በእኔ ሰፈር አንባቢው ለሦስት ወር ሳይመጣ ቀርቶ የተላከልኝ ሒሳብ በግምት የተጻፈ ነበር፤ ግምቱም ለእኔ ያደላ አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ምክንያቱም ከእናንተ አንዳንዶቹ አከራይ፥ አንዳንዶቹ ተከራይ ናችሁ። የቤት ተጠቃሚው ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በዝቅተኛ ዋጋ፥ ብዙ የሚጠቀም በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይለወጥ በቆየው ታሪፍ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ ከ27 ሳንቲም ጥቂት ብቻ ያለፈ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ሌላው ዋጋ ሲጨምርም ይህ የድሀው ደረጃ ሳይነካ ቀረ። አሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ይህ ሥርዓት አንድ ቆጣሪ አንድ ቤተ ሰብ ነው ብሎ የተሠራ ነው። የከተማችን ግቢ እንደዚያ አይደለም። በአንድ ቆጣሪ ሥር አምስትና ስድስት ተከራይ ይኖራል፤ የሁሉም ፍጆታ ባንድ ላይ ሲደመር ቆጣሪው የባለ ጠጋ ቆጣሪ ይመስላል፥ ዋጋውም ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። አከራዩም ሒሳቡን በአምፖል ቁጥር ያካፍላል፤ «ምጣድ ክልክል ነው» የሚል ውል ያስገባል። እንግዲህ ለድሀው የታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ ብቻዋን በቪላ የምትኖረውን ባልቴት ይጠቅምና፥ በአንዲት ክፍል ውስጥ አራት ልጆች የምታሳድገውን እናት ወደ ከሰሏ ይመልሳታል። ቆጣሪው አልዋሸም፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን ትክክል አልነበረም።

ምጣድ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሸክላ ምጣድ ነው፤ በታቹ በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ የሚግል ሽቦ ተጠምዝዞ ይቀበርበታል፤ የሚሠሩትም በየሰፈሩ ያሉ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ሲሰካ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል። አንዲት እመቤት አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር አምስት ኪሎዋት ሰዓት ከሩብ ያህል ታወጣለች። ዐሥር ዋት የሚስበው ያሁኑ ዘመን አምፖል ግን አምስት ሰዓት ቢበራ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ሃያኛውን ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ጋገራ የአንድን አምፖል ከመቶ ሌሊት በላይ ይስተካከላል። ልጆቻችሁን «መብራቱን አጥፉ!» እያላችሁ የምትቆጡ አባቶች ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ አስቡት፤ ቁጣችሁ አይከፋም፥ ነገር ግን የተሳሳተ ዕቃ ላይ አርፏል። ሌላም ሒሳብ ልጨምር፤ በከተማው ውስጥ 100 ሺህ ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ የሚስበው 350 ሜጋዋት ነው። ይህም ስምንት የቆቃ ግድብ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በከተማችን የሚገኘው የብሔራዊ ኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል ሠራተኞች ቀንና ሌሊት የሚመለከቱት አንድ ቁጥር ነው፤ እርሱም 50 ነው። የአገሪቱ ማመንጫዎች ሁሉ በአንድነት የሚያወጡት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲመላለስ ተደርጓል። ሕዝቡ የሚጠቀመው ከሚመነጨው ሲበልጥ ማሽኖቹ ይከብዳቸውና ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ሲያንስ ከፍ ይላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ምድጃው፥ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ባንድነት ሲነሡ ያለው ጊዜ የፈተና ሰዓታቸው ነው። በዚያን ሰዓት የሚጨመርበት ውሃ ካልተገኘ አንድ ሰፈር መጥፋቱ የግድ ይሆናል፤ አለዚያ ሁሉም ይጠፋል። ያን ማታ ተራው የእናንተ ሰፈር ከሆነ፥ የጨለመባችሁ ሌላው እንዲበራለት ነው። ይህን ማወቅ ንዴቱን አያስቀርም፥ ቢያንስ ግን አድራሻውን ያስተካክላል።

በውሃ ብቻ የመኖር አደጋ በ2001 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ዝናቡ አንሶ ግድቦቹ ሲጎድሉ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ አንድ ቀን ይበራል፥ አንድ ቀን ይጠፋል። ፋብሪካው ሥራ ፈታ፤ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ፒያሳንና መርካቶን ሞላው። በዚያው ዓመት የነጭ ጋዝ ድጎማ ተነሥቶ ዋጋው ስለ ዘለለ፥ ቡታጋዝ የለመደው ቤት ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ማዞር ጀምሮ ነበር። አንዱን በር ዘግተው ሌላውን ሳይከፍቱ እንደ መቆየት ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. እንደገና ፈረቃ ታወጀ፤ ያኔ የጐደለው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 1870 ሜጋዋት አቅም ያለው የሦስተኛው ጊቤ ሐይቅ ነበር። ትልቅ ግድብ ትልቅ ነው፤ ዝናብ ግን አያዘንብም።

ስለዚህ ወደ ነፋስ ታየ። ከአዳማ በላይ ባለው ኮረብታ በ2004 ዓ.ም. 34 የነፋስ ማሽኖች ተተክለው 51 ሜጋዋት ማመንጨት ጀመሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች 102 ተጨምረው 153 ሜጋዋት ተገኘ። በመቀሌ አጠገብ የአሸጎዳው 120 ሜጋዋት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ። ነፋስ የውሃ ባልንጀራ የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ በአገራችን በጣም የሚነፍሰው በበጋ ነው፥ ግድቦች የሚጎድሉትም በበጋ ነው። ነፋሱ ሲሠራ ውሃው በሐይቁ ይቆያል። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በአሉቶ ከመሬት በታች የሚወጣው እንፋሎት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰባት ሜጋዋት ያህል እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተሰናክሏል። ይሁን እንጂ እንፋሎት ዝናብም ነፋስም የማይጠብቅ ስለሆነ፥ እንደ እኔ ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት ሊሰጠው የሚገባ እርሱ ነው።

ከከተማዋ ከራሷ የሚወጣ ኃይልም አለ። ረጲ ላይ፥ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ ክምር፥ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ፤ በቀን 1400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ነው። የእኛ ቆሻሻ በአብዛኛው የምግብ ትርፍና አመድ ያለበት እርጥብ ነገር ስለሆነ እንደ አውሮፓው ቆሻሻ በቀላሉ አይነድም። ፋብሪካው የተባለውን ያህል መሥራቱን የሚያጠያይቀው ብዙ ነገር አለ፤ እኔ ግን በዚያ በኩል ሳልፍ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ኤሌክትሪኩ አይደለም።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላሉ ባቡር በኤሌክትሪክ ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም በየመንገዱ በዙ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የዓባይ ግድብ ተመረቀ፤ አቅሙ 5150 ሜጋዋት ነው፤ በእኛ መስፈሪያ 119 ቆቃ ይሆናል። ከእናንተ መካከል ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ቦንድ ያልገዛ ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ጥያቄው ደፍሮ የሚጠየቀው፤ ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፥ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ተከራይዋ ክፍል ያለችውን የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ማን ያሻግረዋል?

ምክንያቱም ቆጣሪ የማያውቀው ሌላ ከተማ አለ። በአገራችን ከሚነደው ኃይል ሁሉ ከ100 እጅ 90 ያህሉ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ እንጨት፥ ከሰል፥ ኩበትና የሰብል ገለባ ነው። አዲስ አበባ ከገጠሩ ትሻላለች፤ ቢሆንም በኮንዶሚኒየሙ ሰገነት ላይ ሳይቀር የከሰል ምድጃ ይጨሳል። ያ ከሰል በአብዛኛው ከስምጥ ሸለቆው የግራር ዛፍ በጭነት መኪና የሚመጣ ነው። በአፈር ተዳፍኖ ሲከሰል ከዐሥር ኩንታል እንጨት የሚገኘው ከሰል አንድ ወይም ሁለት ኩንታል ብቻ ነው፤ የቀረው ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ማገዶ የሚቆጥበው «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃና «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ብዙ ጠቅመዋል፤ ምርጥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ፍጆታ በማንም የቆጣሪ መዝገብ አይገባም። ከተማዋ «ይህን ያህል ተጠቀምሁ» ስትል የምታሳየን በሽቦ የመጣውን ብቻ ነው።

ይህን ንግግር ከማዘጋጀቴ በፊት አንድ ቀን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች ወደ ምድር ጎንበስ ብለው፥ እንደ ሁልጊዜው ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ይመጡ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሲመልሱ ደረስሁ። ሰላምታ ሰጥቼ ማንነቴን ነገርኋቸው፤ ከአጠገቡ ባለው የእህል ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ሸክሙን ለማስቀመጥ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። «ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አሉና ፈቀዱ። ሠላሳ አምስት ኪሎ መዘነ።

እዚያው ቆሜ በማስታወሻዬ ላይ አሰላሁ። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት አራት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው፤ ሸክሙ 140 ይሆናል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከዚህ ለምጣዱ የሚደርሰው በግምት አንድ ዐሥረኛው፥ ማለት 14 ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከሚስበው ግማሽ ያህሉን ለእንጀራው ስለሚያደርስ፥ ያንኑ ሥራ በ28 ኪሎዋት ሰዓት ይሠራዋል። በዚያ ለድሀ በተጠበቀው በ27 ሳንቲሙ ዋጋ ቢሆን ስምንት ብር አይሞላም። ታሪፉ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተሻሽሏል፤ ቢሻሻልም ሸክሙና ዋጋው ተመጣጣኝ አይሆኑም።

«እማማ፥ ቤትዎ መብራት የለም?» አልኋቸው።

«አለ እንጂ፤ አንድ አምፖል። ምጣድ ግን ባለቤቱ አይፈቅድም፤ ቆጣሪው የሰባታችን ነው። የራሴን ቆጣሪ ከጠየቅሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ካርታ አምጪ አሉኝ። ከየት አመጣለሁ? አንተ ሬዲዮ የምትሠራ ከሆንህ ጠይቅልኝ» አሉ።

ሸክማቸውን እንዲያነሡ ረዳኋቸው። ገመዱን በደረታቸው ላይ አስተካክለው ወደ ገበያው ወረዱ፤ በራሳቸው በላይ ከግራና ከቀኝ የኤሌክትሪኩ ምሰሶዎች እስከ መንገዱ መጨረሻ ተሰልፈው ነበር። ቁጥሩን ጽፌዋለሁ፤ ጥያቄያቸውንም በዚሁ አቅርቤአለሁ።